ከጎርፉ በኋላ ፎገራ

ባሕር ዳር የገባሁት በመስከረም መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት በጣም ተማርሬ አነጋሁ። ክፍሉ አጎበር የለውም፣ መስኮቱ አይገጥምም፣ ትንኙም አልተኛም አላስተኛም። ለዚህ 700 ብር ከፈልኩ። ጠዋት ለባለቤቱ ስነግረው «ወቅቱ ነው» ብሎኝ ዞረ። አናደደኝ።

ጣና ዳር ቡና ጠጥቼ ወደ ወረታ ጉዞ ጀመርኩ። ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ወንዝ ስንሻገር ሜዳው ተዘረጋ። ፎገራ ነው። ሩዙ ዓይን ያጠግባል! እንዲህ ያለ አረንጓዴ የትም አላየሁም። ወደ ሐይቁ ስንጠጋ ግን ማሳው ግራጫ ሆነ። ሰብሉ ደለል ለብሶ ተኝቷል።

የባጃጁ ልጅ ከሰዉ ሦስት እጥፍ አስከፈለኝ። ጭቃው መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ እዚያው አውርዶኝ ተመለሰ። በእግሬ ስሄድ አንዲት እናት ከደጃቸው ጠሩኝ።

«ግባ የኔ ልጅ፣ ጭቃው አያስጨንቅህ።»

የጎርፉ ምልክት ግድግዳው ላይ ከወገቤ በላይ ይታያል። የጤፍና የሩዝ ቅልቅል እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ገንዘብ ልሰጥ ብል ተቆጡኝ።

የሜዳው ወንዞች፣ ርብም ጉማራም፣ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ተራራው ተራቁቷል፤ ዝናብ ሲወርድ አፈሩን ይዞ ይመጣል፣ ወንዙም በደለል ይሞላል። ሐይቁ ራሱ ሲሞላ ውሃው መሄጃ ያጣል። አየሩ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ብዙ እንፋሎት ይይዛል፣ በአንድ ዲግሪ 7 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሲዘንብ ባንዴ ይዘንባል። እሳቸው የ1998ቱን ጎርፍም አይተዋል። ለዚያ ሙቀት እኚህ ሴት ምን አዋጡ? ኩራዝና ኩበት።

አሁን ውሃው የገባው ባለፈው ነሐሴ በሌሊት ነው። የልጅ ልጃቸውን አዝለው ወጡ። ጎታው ውስጥ የነበረው እህል በሰበሰ፣ ፍየሎቹ ተወሰዱ። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከረሙ።

እኛ ደብረ ብርሃን የምንፈራው ውርጭ ነው። ባቄላችንን በአንድ ሌሊት አቃጥሎ ይሄዳል፤ ሲነጋ የቀረውን እናውቃለን። እዚህ ግን ውሃው ሲጎድል ሌላው ይጀምራል።

«ውሃውስ ይሄዳል ልጄ» አሉኝ። «ወባው ነው ያልለቀቀን።» ልጁ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። እኔ በአንድ ሌሊት ትንኝ ስማረር ነበር የመጣሁት፤ እነሱ ያላቸው አንድ አጎበር ጎርፍ ወስዶታል።

አሁን ምን እንደሚዘሩ ጠየቅኳቸው። ሩዙ የተዘራው በብድር ዘር ነበር፣ ዕዳው ቀርቷል። እርጥቡ መሬት ላይ ጓያ ሊዘሩ ነው። ጓያ ጭቃ አይፈራም፣ ዘሩም ርካሽ ነው። ግን በችግር ጊዜ ለወራት እሱኑ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል።

ይህን ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። «ለብቻው አንበላውም» አሉ። «ሽንብራ ካገኘን እንቀላቅለዋለን።»

ሽንብራው በገበያ ስንት እንደገባ ስጠይቃቸው ዝም ብለው ለልጁ ውሃ ቀዱለት።