ብርድ የማይችለው ኮምፒውተሬ

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ድምፅ አላወጣ አለ? ፎርማት። ፕሪንተር አልታዘዝ አለ? ፎርማት። የኔ ሽማግሌ ዴስክቶፕም ስታክ ማድረግ ሲጀምር ያማከርኩት ሁሉ ይህንኑ አዘዘልኝ። እሺ ብዬ አስደረግሁ። ፋይሎቼን በፍላሽ አወጣሁ፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን እንደገና አስጫንኩ። በማግስቱ ጠዋት የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳለ ማሽኑ ድርቅ አለ።

አደራረቁን ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማውሱ ስክሪኑ መሀል ተተክሎ ይቀራል። ካፕስ ሎክን ስጫን ኪቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ንቅንቅ አትልም። ይቺ ትንሽ መብራት ብዙ ትናገራለች። ማውሱ እየተንቀሳቀሰ ፕሮግራሙ ብቻ ከተንቀራፈፈ፣ ጣጣው ብዙ ጊዜ ከሃርድ ዲስኩ ወይም ከሶፍትዌሩ ነው። ካፕስ ሎክም አብራ ከሞተች ግን ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላዩን ወይም ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ቦርድ፣ ማዘርቦርዱን፣ መጠርጠር ይሻላል።

ራሙን ነቅዬ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠረግሁ። አቧራውን በብሩሽ አራገፍኩ። ወይ ፍንክች!

ደግሞ "ሙቀት ነው" የሚሉ መጡ። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ሲሠራ በዋለ ቁጥር ይብስበት ነበር። የኔው ግን ተቃራኒው ነው። ጠዋት፣ የቶሳ ተራራ ገና ጉሙን ሳያራግፍ፣ ጣቴ በብርድ ቆርፍዶ ሥራ ስጀምር ይደርቃል። አጥፍቼ አበራዋለሁ። ይደርቃል። ረፋዱ ላይ ሻል ይለዋል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ምንም ያልነካው ይመስላል።

ኮምቦልቻ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ ሲሉኝ ይዤው ወረድኩ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ፊልም ሲያጫውትበት ዋለ። "እታለም፣ ይሄ ማሽን እኮ ከኔ ይሻላል! አብሽሪ፣ ምንም የለውም" አለኝ። ቀጠለና "ለማንኛውም ፎርማት ላድርግልሽ?" ኬዙን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ታቅፌ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጣሁ። በነጋታው ደረቀ።

መንገዱ ራሱ ግን ፍንጭ ሰጠኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከዚያ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሞቅ ትላለች። ማሽኑ እዚያ ደኅና ውሎ እዚህ የሚታመመው ብርድ ባይችል ነው።

አንድ ጠዋት ዊንዶውስን ሳላስገባ ባዮሱ ላይ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ላይ፣ አቆምኩት። ሰማያዊው ገጽ ላይ ሰዓቱ ሴኮንዱን ይቆጥራል። ጋቢዬን ደርቤ አፍጥጬ ጠበቅሁ። ቆጠራው ቀጥ አለ። እሰይ አልኩ! ሰው ዕቃው ሲበላሽ እሰይ ይላል? ግን እዚያ ገጽ ላይ ገና ዊንዶውስ የሚባል ነገር አልተነሳም። የሌለ ነገር ፎርማት አይደረግም።

ከዚያ ሽፋኑን ከፍቼ በስልኬ ባትሪ አየሁት። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። የጤነኛው አናት ልሙጥ ነው። የኔዎቹ ግን አንዳንዶቹ ተነፍተዋል፣ አንዱማ አናቱ ላይ ቡናማ ነገር አዥቶ ደርቆበታል።

የነዚህ ነገሮች ሥራ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ እንዳይል ማለስለስ ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ፈሳሹ እየተነነ ያልቃል፣ ኤሌክትሪኩን የሚገታው የውስጥ ሬዚስታንሳቸውም ይጨምራል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይብስባቸዋል። ለዚህ ነው ያረጀ ካፓሲተር ሞቅ እስኪለው የሚለግመው። በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ፈሳሹ ጥራት የጎደለው ስለነበር ካፓሲተሮቹ ያለ ዕድሜያቸው ይነፉ ነበር። የኔውም የዚያ ዘመን ሰው ነው።

የኮምፒውተር ቤት ሰዎች "አዲስ ቦርድ ግዢ" አሉኝ። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና "ልጄ፣ ይሄማ የኔ እንጀራ ነው" አሉ። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ነቅለው ቢተኩት ዋጋው ይቀንስልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "አይሆንም፣ ያም እንደሱ አርጅቷል" አሉ፤ ልክ ናቸው። በኔው ካፓሲተር ላይ የተጻፈው 6.3 ቮልት ነበር። የመያዝ አቅሙ ልክ፣ ማይክሮፋራዱ፣ እኩል ይሁን እንጂ ቮልቱ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ካነሰ ግን ይፈነዳል አሉኝ። ነጭ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ስለሆነ እያንዳንዱ ከመነቀሉ በፊት በየት በኩል እንደቆመ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ቦርዱ ሙቀቱን እየመጠጠ አስቸገራቸው። መበየጃውን አስደግፈው እርሳሱ እስኪቀልጥ ሲጠብቁ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

አሁን ጠዋት ይነሳል። እኔ ግን ለክፉም ለደጉም ፋይሎቼን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ።

ወሬው ሠፈር ገባና ትናንት ጎረቤቴ መጣች። የሷም ስታክ ያደርጋል፤ ካፓሲተሩን አሳይልኝ አለች። ሄጄ አየሁት። ማውሱ ይሄዳል፣ ካፕስ ሎክ ይበራል ይጠፋል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል። "እቱ፣ ለጊዜው አጥፊው፤ የሠርግሽ ፎቶ የት ነው ያለው?" አልኳት። እዚሁ ነው አለች። ሌላ ነገር ሳንነካ መጀመሪያ እሱን እንገልብጥ ብያት ፍላሽ ልትገዛ ወጣች።