ሴሮቶኒን፣ የአንጀት ነርቭና ኮሌራ ላይ የያዘኝ ቋጠሮ

ሰሞኑን ደስ ያለኝን ነገር ላካፍላችሁ። የማስታወክ ማስታገሻው ኦንዳንሴትሮን ለምን ሆድ እንደሚያደርቅ፣ የድብርት መድኃኒቱ ሰርትራሊን ደግሞ ሲጀመር ለምን ሆድ እንደሚያላላ መጽሐፍ ሳልገልጥ ወረቀት ላይ እየሣልኩ ማስረዳት ችያለሁ። ፋርማሲ ስማር ሁለቱንም «የጎንዮሽ ጉዳት» ከሚለው ርዕስ ሥር ሸምድጄ ነበር ያለፍኳቸው።

መነሻው ብዙም አይከብድም። ሴሮቶኒን በሕዋሳትና በነርቮች መካከል ምልክት የሚያደርስ ኬሚካል ነው፤ ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። አብዛኛውን የሚያመርቱት ኢንተሮክሮማፊን የሚባሉት የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ናቸው። ምግብ ሲጫናቸው ሴሮቶኒን ይለቃሉ፣ እሱም አጠገባቸው ያለውን የነርቭ ጫፍ ይቀሰቅሳል። ኦንዳንሴትሮን እዚያ ነርቩ ላይ ያለውን፣ 5-ኤችቲ3 የሚባለውን የሴሮቶኒን ተቀባይ ይዘጋል። ሰርትራሊን ሴሮቶኒኑን መልሶ የሚሰበስበውን አጓጓዥ ስለሚዘጋ ቅስቀሳው ይረዝማል።

የያዘኝ ኮሌራ ነው። የተማርነው እንዲህ ነበር፦ መርዙ የሽፋኑ ሕዋስ ውስጥ ይገባል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለው የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ይጨምራል፣ የክሎራይድ በር ይከፈታል፣ ውኃ ይከተላል። እዚህ ውስጥ ነርቭ የሚባል የለም። ታዲያ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ እነ ኦቭ ሉንድግረን በእንስሳት አንጀት ላይ ነርቩን ሲያደነዝዙ መርዙ የሚያስወጣው ፈሳሽ ለምን ክፉኛ ቀነሰ? ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶኝ ሰነበትኩ።

የፈታልኝ ቴትሮዶቶክሲን ነው። ይህ የዓሣ መርዝ የነርቭን የሶድየም በር ዘግቶ ነርቩን ዝም ያሰኛል፣ የሽፋኑን ሕዋስ ግን ሥራ አያስፈታም፤ ስለዚህ በእሱ ፈሳሹ ሲቀንስ የቀረው በነርቩ በኩል ይመጣ የነበረው ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥዕሌ ላይ ቀይ መስመር አሰምራለሁ፤ ከላይ ሕዋስ፣ ከታች ነርቭ። የኮሌራ መርዝ የሚያገኘው ከላይ ያሉትን ነው፣ ኢንተሮክሮማፊኑም ከእነሱ አንዱ ነው! እሱ ሴሮቶኒን ሲለቅ ምልክቱ መስመሩን ተሻግሮ በ5-ኤችቲ3 በኩል ነርቩን ያስነሳል፤ ከሽፋኑ ሥር ባለው የነርቭ መረብ ዞሮ ቪአይፒ በሚባለው መልእክተኛ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ መንገድ መርዙ ራሱ ያልደረሰባቸው ሕዋሳት ሳይቀሩ ክሎራይድ ይለቃሉ። የተማርነው ትክክል ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው።

ሥዕሉ ኦአርኤስንም (በውኃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት) ግልጽ አደረገልኝ። አተት የያዘውን ሰው የሚያተርፈው የሚወጣውን ፈሳሽ አስቁሞ አይደለም። ግሉኮስና ሶድየም አብረው የሚገቡበት ሌላ በር አለ፣ ያን በር የኮሌራ መርዝ አይዘጋውም፣ ውኃም በዚያ ይመለሳል።

ስለ አጠናን ያለኝ አቋም ጠንካራ ነው፦ የተቀባዮችን ሰንጠረዥ ከመሸምደድ አትጀምሩ። በእርግጥ ፈተና የደረሰበት ሰው ሰንጠረዡን ሊተወው አይችልም፤ እኔም ያለፍኩት በእሱ ነው። ዛሬ ግን አዲስ መድኃኒት ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው የትኛው ነርቭ ላይ፣ ከመስመሩ በየት በኩል እንደሚሠራ ነው።

አሎሴትሮንን በዚህ መንገድ ሣሉት። እሱም 5-ኤችቲ3ን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ተቅማጥ ለሚያበዛው የአንጀት መቆጣት ሕመም ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት በከባድ የሆድ ድርቀትና በአንጀት የደም እጥረት ጉዳት ምክንያት ከገበያ ወጣ፤ በ2002 በጥብቅ ገደብ ተመለሰ። ድርቀቱን ሥዕሉ ላይ ታገኙታላችሁ። የደም እጥረቱን ግን ከዚህ ሥዕል አትጠብቁ፤ ለእሱ የደም ሥሮቹን ጨምሮ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፣ እኔም አሁን የያዝኩት እሱን ነው።