ሳንባዋ የታመመ ዘንዶ እንዴት እንዳስታመምኩ

እባብ አያስልም። እንደ እኛ ድያፍራም ስለሌለው፣ ሳንባው ውስጥ አክታ ሲጠራቀም ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ የመተንፈሻ ሕመም ሲይዘው ሕመሙን ችሎ ይከርማል። ባለቤቱ ሲነቃ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ገፍቷል።

የእኔዋ ዳማ ቦል ፓይተን ናት። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አነስተኛ ዘንዶ ማለት ነው። መርዝ የላትም፤ ስትደነግጥ ጭንቅላቷን መሃል ደብቃ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች። የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ከነመስታወት ሳጥኗ ሰጠኝ። ጊዜው ብርዱ የጠናበት ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ስትተነፍስ የሚወጣውን ቀጭን ፉጨት ነው። ፉጨት ሁሉ ግን ሕመም አይደለም። እባብ ቆዳውን ሊጥል ሲል አሮጌው ቆዳ አፍንጫው ላይ ይላላና ያፏጫል፤ ቆዳው ሲወልቅ ድምፁም ይጠፋል። ዳማ ቆዳዋን ጥላም ፉጨቱ አልለቀቃትም። ቀጥሎ አንገቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ የሳጥኑን ጥግ ተደግፋ መዋል ጀመረች። አየር እንዲያልፍላት ነው። አንድ ማታ አፏን ገርበብ ስታደርግ ከከንፈሯ ዳር አረፋ የቀላቀለ ወፍራም ምራቅ ክር ሠርቶ ወረደ። አረፋ ካያችሁ ወይም አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ካገኛችሁት፣ ቆዳውን እስኪጥል ልጠብቅ አትበሉ። እኔም ጠዋቱን ሐኪም ፍለጋ ጀመርኩ።

የእንስሳት ሐኪም ሁሉ እባብ አያይም። መጀመሪያ የደወልኩበት ክሊኒክ ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናክመው አለኝ። በስልክ “ለእባብ የሚሆን ሐኪም አላችሁ?” ብሎ መጠየቅ መንገድ ያድናል። ዳማን በትራስ ልብስ ከትቼ አፉን አሰርኩት፤ ከዚያ በረዶ መያዣ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። ጎኗ ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልዬ አደረግኩላት። የታመመ እባብ መንገድ ላይ ከበረደው ይብስበታል።

ሐኪሟ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ናሙና ወሰደች። በቀጭን ቱቦ ጥቂት ንጹሕ የጨው ውሃ ወደ መተንፈሻ ቧንቧዋ አስገብታ መልሳ ሳበችው። ራጅም አነሳቻት። ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነና በምን መድኃኒት እንደሚሞት ይታያል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይኼ ነው፦ ናሙና ከአንቲባዮቲክ ይቀድማል። በግምት የተጀመረ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድል ያለማምደዋል፣ በኋላ የሚወሰደውንም ናሙና ያበላሻል። የዳማ ውጤት ፕሱዶሞናስ ሆኖ ተገኘ፤ እባቦች ላይ በብዛት የሚታይ ባክቴሪያ ነው። ከአፏም ለኒዶቫይረስ ምርመራ ተወሰደላት። ይህ ቫይረስ በቦል ፓይተኖች ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የታወቀ ነው፤ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። ደግነቱ አልተገኘባትም።

እማዬ በስልክ ስነግራት “በስመ አብ! ለእባብ ሐኪም?” አለች። ትንሽ ቆይታ ግን “ታዲያ በላች ልጄ?” ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ሳትጠይቅ ስልክ አትዘጋም።

የታዘዘላት ሴፍታዚዲም የሚባል መርፌ ነው፤ በየ72 ሰዓቱ ይሰጣል። መጠኑን ሐኪሟ በክብደቷ ልክ አስልታ በትንንሽ ሲሪንጅ ሞልታ ሰጠችኝ። ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱን አውጥቼ እስኪቀልጥ መዳፌ ውስጥ እይዘዋለሁ። ከዚያ በፊተኛው የሰውነቷ ክፍል፣ ከአከርካሪዋ ጎን ባለው ሥጋ ላይ፣ መርፌውን በሁለት ቅርፊቶች መካከል አስገባለሁ። ቅርፊቱን ራሱን ከወጋችሁት አይገባም። ወደ ጭራ አካባቢ የማይወጋው፣ ከዚያ የሚመለሰው ደም መድኃኒቱን ይዞ በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል ነው። በየጊዜው ጎን እቀያይር ነበር። እሷ ትንሽ ትኮማተራለች እንጂ ነክሳኝ አታውቅም።

መርፌው ብቻውን ግን አያድንም። እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ በሽታ የመከላከል አቅሙም ይተኛል። የመጣችበት ሳጥን መስኮት ሥር የሚቀመጥ፣ ከላይ አንድ አምፖል ብቻ ያለው ነበር። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርኩት። ሞቃቱን ጫፍ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛውን 27 ላይ ሙቀት በሚቆጣጠር ቴርሞስታት አሰርኩ። ሕመሟ እስኪያልፍ ሌሊትም እንዲቀንስ አላደረግኩም። ሙቀት መለኪያም በሁለቱም ጫፍ አደረግኩ፤ አንዱ ብቻ ያታልላል።

እርጥበቱ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ የቤት ማሞቂያ ሲበራ ደግሞ ጭራሽ ይነጥፋል። ያኔ ሰው ውሃ መርጨት ይጀምራል። ምንጣፉ ረጥቦ ሳጥኑ ከቀዘቀዘ ግን ለሳንባ በሽታ ሰርግና ምላሽ ነው። የሽቦ ክዳኑን በከፊል ሸፈንኩት፣ የውሃ ሳህኑን ወደ ሞቃቱ ጎን አስጠጋሁ፣ መደበቂያዋ ውስጥ እርጥብ የሣር ሽበት (ሞስ) አኖርኩ። እርጥበቱ 60 በመቶ አካባቢ ረጋ፣ ወለሉም ደረቅ ሆነ። አየር የሚገባበትን ግን ጨርሶ መድፈን አይገባም።

ሐኪሟ ትንፋሿ እስኪቀልላት ምግብ አትስጣት አለችኝ። ጤነኛ ቦል ፓይተን ለሳምንታት ሳይበላ ስለሚቆይ ይህ አያስፈራም፤ ውሃ ግን ሁልጊዜ ያስፈልጋታል። በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ ክብደቷን እጽፍ ነበር። ፉጨቱ የጠፋው መርፌው ሳያልቅ ነው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ወጋኋት። ድምፁ ቆመ ማለት ሳንባው ጸዳ ማለት አይደለም፤ ይህን የሚያሳየው ሁለተኛው ራጅ ነው። እሱ ንጹሕ ከሆነ በኋላ አንዲት ትንሽ አይጥ ሰጠኋት፤ ወዲያው ዋጠቻት።

ቤታችሁ ሌላ እባብ ካለ፣ አዲስ የመጣውን ቢያንስ 3 ወር በሌላ ክፍል ለዩት። መቆንጠጫና ሳህን አታጋሩ፤ መጀመሪያ ጤነኛውን፣ መጨረሻ አዲሱን አጽዱ። የኒዶቫይረስ ምርመራውንም ከጊዜ በኋላ አስደግሙ፤ አንድ ጊዜ “የለም” ቢባል ብቻውን ዋስትና አይሆንም።