ሚሎስ ስትሄዱ ማክሰኞን ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሚሎስ የምትባለው የግሪክ ደሴት ላይ ያለው ትንሹ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። በቃ፣ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ አክስቴን ይዣት ገብቼ ነበር።

አክስቴ አቴንስ ሰው ቤት ስትሠራ 19 ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ደሴት ረግጣ አታውቅም። እኔ ከፍራንክፈርት ልጠይቃት ስሄድ አሠሪዎቿ ሰኞንና ማክሰኞን ፈቀዱላት። ሚሎስን የመረጠችው ራሷ ናት፣ «ያቺ እጅ የሌላት ሐውልት፣ አፍሮዲቴ፣ የተገኘችበትን ልይ» ብላ።

ጉዞው ቀላል ነው። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ በፈጣኑ መርከብ 3 ሰዓት ገደማ፣ አዳማስ ላይ መውረድ፣ ማደር፣ ጠዋት በአውቶቡስ ኮረብታው ላይ ወዳለችው ፕላካ መውጣት።

ሰኞ ማታ ያደርንበት ቤት እንግዳ ተቀባዩን ጠየቅኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «በየቀኑ ክፍት ነው፣ ሂዱ» አለኝ። እኔም አመንኩት። ስልክ እጄ ላይ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ፈጅቼ አላጣራሁም፣ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። የፕላካን መንገድ ደረጃ በደረጃ እያረፍን፣ እየተደጋገፍን ሄደን በሩ ጋ ደረስን። ተቆልፏል። ወረቀት ተለጥፎበታል። እኔ የግሪክ ፊደል አላነብም፣ አክስቴ ግን ታነባለች። «ትሪቲ፣ ክሊስቶ» አለች ቀስ ብላ። ማክሰኞ፣ ዝግ።

ሰውዬው ጋ ደወልኩ። «እንዴ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው?» አለኝ። ይቅርታ እንኳ አላለም። አክስቴ እሮብ ጠዋት ሥራ መግባት አለባት፣ መርከቧ የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። እኔ ስንጨረጨር እሷ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አየሩ ደስ ይላል» ትለኛለች፤ እሱ ደግሞ የባሰ አሳዘነኝ። ቁልቁል ወርደን ከባሕሩ በላይ ያለው ጥንታዊ ቲያትር የእብነ በረድ መቀመጫ ላይ አረፍን። ሐውልቷ በ1820 በገበሬ የተቆፈረችበት ቦታ እዚያው አጠገብ ምልክት አለው። አክስቴ ምልክቱን አይታ ዝም አለች። ማታ ወደብ ላይ ስንለያይ «አንቺ ቅሪና ገብተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

እሮብ ጠዋት በሩ ሲከፈት ገባሁ። መግቢያው ላይ ያለችው አፍሮዲቴ የጄሶ ቅጂ ናት። ዋናዋን ፈረንሳዮች ወስደዋት ከ1821 ጀምሮ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ናት። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ቆመን የምናያት ሉሲም ቅጂ ናት፣ ግን ዋናዋ እዚያው አገሯ ተቀምጣለች። ይቺኛዋ አገሯ ላይ የቀረላት ጄሶ ብቻ ነው። ከፊቷ ስቆም ንድድ አለኝ።

ሰው ሁሉ እሷን ፎቶ አንስቶ ይወጣል፣ ብሮሹሩም እሷን ነው የሚያስቀድመው። እኔ ግን አልፋችሁ ወደ ባልጩቱ ሂዱ እላለሁ። ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ስለት ሆኖ ተቀርጾ። የሚሎስ ባልጩት ከባሕሩ ማዶ፣ በደቡብ ግሪክ ፔሎፖኔዝ ባለው ፍራንክቲ ዋሻ ውስጥ፣ ከ10,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ያኔ ሚሎስ ደሴት ስለነበረች፣ ሰዎቹ በባሕር ተጉዘው ነው ያመጡት ማለት ነው። ቀጥሎ ፊላኮፒ በምትባለው የደሴቷ ጥንታዊ ከተማ የተሰየመችውን የፊላኮፒዋን እመቤት እዩ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች የሸክላ ምስል ናት። ከግማሽ ሜትር አትበልጥም፣ ከጄሶዋ አፍሮዲቴ ይልቅ ግን እሷ ጋ ብዙ ቆምኩ።

«ግማሽ ሰዓት ይበቃል» የሚሏችሁን አትስሙ፣ እኔ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ከባሕር ዋና በኋላ እንሄዳለን ብላችሁም አታቆዩት፣ ከሰዓት በኋላ ቀድሞ ይዘጋል። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚቀያየር ደግሞ የመርከብ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ራሱ ሙዚየሙ ጋ ደውሉ፣ ሆቴሉ ጋ ሳይሆን።

የባልጩቱን ፎቶ ለአክስቴ ላኩላት። ማታ ከሥራ ስትወጣ ደወለች። «ይሄማ የኛው ባልጩት አይደል እንዴ!» አለችና ስለ ሐውልቷ ሳትጠይቀኝ፣ እሑድ ክፍት ይሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ።