ለመጀመሪያ ልብስ፣ ሽንሽን ጉርድ

ቤቱ ቁጭ ብሎ ልብስ መስፋት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ኮሌታና እጅጌ ባለው ሸሚዝ ላይ ነው። ሸሚዙ ይቆይ። ኮሌታው፣ እጅጌው፣ የቁልፍ ቀዳዳው እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ አንድ ልብስ ላይ ሲደራረቡ ጀማሪው የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንኳ አያውቅም። ወገቡ በላስቲክ የሚያዝ ሽንሽን ጉርድ ግን አራት ቀጥ ያሉ ስፌቶች ናቸው፦ ሁለት የጎን፣ አንድ የወገብ፣ አንድ የታች። ዚፕ የለው፣ በወረቀት የተነደፈ ቅድ አይፈልግ፤ ልኩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ሽንሽኑ ይሸፍነዋል። ቀላልነቱ ግን ስፌቱ ላይ ብቻ ነው። ጨርቁ ካልታጠበ፣ ድሩ ካልታየና ካውያው አጠገባችሁ ካልሞቀ ይህም ቢሆን ተጣሞ ነው የሚወጣው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የማይለጠጥ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ጨርቅ ያዙ። ሳቲንና ሽፎን ገና ከመቀሱ ሥር መንሸራተት ይጀምራሉ። ሰፋፊ መስመር ወይም ዳማ ያለበት ጨርቅም ይቅርባችሁ፤ ጎንና ጎኑ ላይ መስመሩን ማገናኘት ሌላ ራስ ምታት ነው። ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት ውሃና ሙቀት እጠቡት። የጥጥ ክር ሲሸመንም ሆነ ፋብሪካ ውስጥ ሲለሰልስ ተወጥሮ ነው የሚቆየው፤ ውሃ ሲያገኝ ውጥረቱ ይላላና ይሰበሰባል። ከመቶ ሦስት እጅ ቢሰበሰብ እንኳ ከ78 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ይጠፋል። ከተሰፋ በኋላ ሲሆን ደግሞ ጨርቁ እያጠረ ክሩ ባለበት ስለሚቀር ስፌቱ ሁሉ ይሸበሸባል። ከማጠባችሁ በፊት የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች በዚግዛግ፣ ማለትም ግራና ቀኝ እየተመላለሰ በሚሄደው ስፌት፣ ስፉባቸው፤ አለበለዚያ ግማሹ ተተርትሮ ነው ከውሃ የሚወጣው።

ከታጠበና ከተተኮሰ በኋላ ድርና ማጉን ለዩ። ድር ከጨርቁ ጥብቅ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ በርዝመቱ የሚሄደው ነው፤ ማግ ከዳር እስከ ዳር የሚሻገረው። በሁለት እጃችሁ ሳብ አድርጋችሁ ብትሞክሩት ድሩ እምብዛም አይለጠጥም፣ ማጉ ትንሽ ይሰጣል፣ በሰያፍ ስትስቡት ደግሞ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። የጉርዱ ቁመት በድሩ አቅጣጫ ይሁን። ትንሽ እንኳ ወደ ሰያፍ ካዘነበለ አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል፣ የጎኑ ስፌትም ዞሮ እግር ፊት ይመጣል። ጥፋቱን ብዙዎች በማሽኑ ያመካኛሉ፤ ማሽኑ ግን ምንም አላደረገም። ቀጥታውን ለማግኘት ዳሩን በትንሹ ቁረጡትና አንድ የማግ ክር በመርፌ ጫፍ አንስታችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ክሩ የወጣበት ስስ መስመር በየትኛውም ማስመሪያ ከምትሰምሩት የቀና ነው፤ መቀሱ እሱን ይከተል።

አሁን ልክ። የሚያስፈልጉት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ወገብ፣ የዳሌ ሰፊው ቦታና የምትፈልጉት ቁመት። ወገባችሁ 76፣ ዳሌያችሁ 100፣ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለደህና ሽንሽን የጨርቁ ዙሪያ የዳሌ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል፤ ስለዚህ 150። ሁለት ቁራጭ ሲሆን እያንዳንዱ 75፣ በግራና በቀኝ የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ ውጭ የሚቀረው ጠርዝ) አንድ ተኩል አንድ ተኩል ሲጨመር 78 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እዚህ ጋ ተንኮል አለ፦ የጨርቁ ስፋት 150 ከሆነ ሁለት ጊዜ 78 አይወጣውም። ጨርቅ ከመጨመር ቁራጮቹን 75 ማድረግ ይሻላል። ዙሪያው 144 ይሆናል፣ ልዩነቱን ማንም አያይላችሁም። ስፋቱ 110 ከሆነ ግን አንዱን ቁራጭ ከሌላው በታች ማውጣት ግድ ስለሆነ ጨርቁ እጥፍ ይፈልጋል።

ቁመቱ ላይ ለወገብ 4.5፣ ለታች እጥፋት 4 ጨምሩ፤ 78.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለ150 ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ፣ ለ110 ስፋት አንድ ሜትር ከ75 ብትይዙ መሰብሰቡንም መቅናቱንም ይችለዋል።

ማሽኑን በተመለከተ ከሁሉ በፊት መርፌውን ቀይሩ። ለመካከለኛ ጥጥ 80/12 የተጻፈበት ነው። 80 ማለት የመርፌው ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ 12 የአሜሪካኖቹ ቁጥር ነው። ለስስ ጨርቅ 70/10፣ ለጂንስ 90/14 ወይም 100/16 ይሆናል። የደነዘዘ መርፌ ጨርቁን እየወጋ ሳይሆን እየገፋ ስለሚገባ ክር ይጎትታል፣ ስፌት ይዘላል፤ ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በቃው። ክሩ ከላይም ከቦቢኑም (የታችኛው ክር ከሚጠነጠንባት ትንሽ ማጠንጠኛ) አንድ ዓይነት፣ ፖሊስተር ይሁን። እዚያው ከቆረጣችሁት ጨርቅ የተረፈ ብጣሽ ደርባችሁ በ2.5 ሚሊ ሜትር የስፌት ርዝመት ሞክሩ።

ከጨርቁ ሥር ክር እየተቋጠረ እንደ ጎጆ ከተከመረ ሰው ሁሉ ቦቢኑን ይፈታል። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው ከላይ ነው። የላይኛው ክር ሲገባ ጨርቅ የሚጫነው እግር ወርዶ ከነበረ ክሩን የሚይዙት ሁለት ዝርግ ሳህኖች ተገጣጥመው ስለሚቆዩ ክሩ መሃላቸው አይገባም፤ ሳይወጠር እየተንዘላዘለ ወደ ታች ይወርዳል። እግሩን አንሱ፣ ክሩን ከመነሻው አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ካወጣበት የስፌት ማሽን ጀምሮ አሠራሩ ያው ነው፤ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ያለ መርፌ የላዩን ክር ያወርዳል፣ ከታች ሌላ ክር ያልፍበታል። ሁለቱ የሚጠላለፉበት ነጥብ በጨርቁ ውፍረት መሃል ተደብቆ ካልቀረ የአንዱ ውጥረት በዝቷል ማለት ነው።

ጎኖቹን ከማገጣጠማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ። የየቁራጩን የጎን ጠርዝ ለየብቻው በዚግዛግ ስፉ። ከዚያ ጨርቁ ገና ዝርግ እያለ የእጥፋቶቹን መስመር በካውያ አውጡ፤ ከላይ መጀመሪያ 1 ቀጥሎ 3.5፣ ከታች መጀመሪያ 1 ቀጥሎ 3 ሴንቲ ሜትር። ጉርዱ ክብ ከሆነ በኋላ ይህን ለማድረግ መታገል ይመጣል። እጥፋቱን መልሳችሁ ዘርጉና ሁለቱን ቁራጮች ፊትና ፊታቸውን አነባብራችሁ ስፒል አድርጉ፣ ከጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገብታችሁ ስፉ። ስትጀምሩ ሁለቱን ክሮች ወደኋላ በጣታችሁ ያዙ፤ ሦስት አራት ስፌት ሂዱ፣ ወደኋላ ተመለሱ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ጨርቁን አትጎትቱት። ከእግሩ ሥር ያሉት ጥርሶች ራሳቸው ይስቡታል፤ የእናንተ እጅ የሚመራው ብቻ ነው። ስፒሉ መርፌው ጋ ሳይደርስ ይነቀል፤ ስፒል ላይ ያረፈ መርፌ ተሰብሮ ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል።

እያንዳንዱ ስፌት እንዳለቀ ይተኮስ። መጀመሪያ እንደተሰፋው ሳይከፈት፣ ክሩ ጨርቁ ውስጥ እንዲቀመጥ። ቀጥሎ ትርፉን ግራና ቀኝ ከፍታችሁ። ካውያውን ማንሳትና መጫን ነው እንጂ ወዲያ ወዲህ መግፋት ጨርቁን ከቅርጹ ያወጣዋል። የቤት ስፌት ከሩቁ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ስላልተተኮሰ ብቻ ያልተጠናቀቀ ይመስላል።

ላስቲኩ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ርዝመቱ ከወገባችሁ አሥር በመቶ ያህል ይቀነስና ለመደራረቢያ 2 ይጨመር፤ በእኛ ስሌት 68 ሲደመር 2፣ 70። ከመስፋታችሁ በፊት ጫፎቹን በመርፌ ቁልፍ አያይዛችሁ በዳሌያችሁ አሳልፉት። ካላለፈ ጉርዱም አያልፍም። የላስቲኩ መግቢያ ውስጥ የሚገባው የጎን ትርፍ ተከፍቶ እንዲተኛ ላዩ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ስፉበት፤ አለበለዚያ መርፌ ቁልፉ እሱ ሥር ገብቶ ይቀረቀራል። የወገቡን እጥፋት ከታችኛው ጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ዙሩበት፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። አንዱን የላስቲክ ጫፍ ክፍቱ አጠገብ በስፒል አስራችሁ ሌላውን በመርፌ ቁልፍ አስገቡ። ሲወጣ አለመጠማዘዙን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ጫፎቹን 2 ሴንቲ ሜትር ደርባችሁ በዚግዛግ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት፣ ክፍቱን ዝጉ። ሽንሽኑን እኩል ካካፈላችሁ በኋላ በሁለቱ የጎን ስፌቶች ላይ ላስቲኩንም ጨምራችሁ ከላይ ወደ ታች ስፉ። ይህች ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ሥራ ላስቲኩ ከታጠበ በኋላ ውስጥ ለውስጥ እንዳይገለበጥ ታደርጋለች። ብዙ የገበያ ልብስ እንኳ ይህችን ይዘላል።

የታቹ እጥፋት የሚሰፋው ለብሳችሁ መስታወት ፊት ከቆማችሁ በኋላ ነው፤ ዳሌ የጉርዱን ኋላ ከፍ ስለሚያደርገው ካስፈለገ እዚህ ይስተካከላል። የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ማሽኑ የጎን ስፌቱ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ተደራርቦ ስለሚወፍር እግሩ ፊቱን ያነሳና እዚያው ይረግጣል፤ ስፌቱ እየተጠጋጋ ይደራረባል። ከእጥፋቱ ውስጥ የሚገባውን የጎን ትርፍ ቀደም ብላችሁ በግማሽ ቁረጡት። አሁንም ካስቸገረ ብጣሽ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ከእግሩ ኋላ ሥር አስገቡ፣ እግሩ ደልደል ይላል፣ ጉብታውን በእጅ መንኮራኩሩ ቀስ እያላችሁ እለፉት።