የነጣውን የቀንድ ዋንጫ ቀለም እንዴት እንደመለስኩት

ብዙ ሰው የአያቶቹ የቀንድ ዋንጫ ነጥቶ አመድ መስሎ ሲያገኘው ቀለሙ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህም ጥቁር የጫማ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይለቀልቀዋል። እኔ ይህን ሳይ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። ከቤተሰቤ የወረስኩትን ዋንጫ ሳድስም የያዝኩት መንገድ ከላይ መቀባት ሳይሆን ከሥር ያለውን ማውጣት ነበር።

ቀንድ እንደ ጥፍርና እንደ ፀጉር ከኬራቲን የተሠራና በስስ ንብርብር ያደገ ነገር ነው። ፀሐይና ድርቀት ሲበዛበት የላይኛው ንብርብር ይሰነጣጠቅና ይነሳል። በስንጥቆቹ መካከል አየር ይገባል፤ ብርሃኑም እዚያ እየተበተነ ቀንዱን ነጭ ያስመስለዋል። የእኔ ዋንጫ ለዓመታት በመስኮት ትይዩ ተሰቅሎ ስለኖረ ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ ብቻ ነበር የነጣው።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት እርጥብ ጥጥ ወስጄ የነጣውን ጎን አሸሁት። ጥቁር ቡናማው ቀለምና በመካከሉ የሚሮጡት ማር የመሰሉ መስመሮች ወዲያው ብቅ አሉ። ውኃው ሲደርቅ ደግሞ ከዳር ወደ መሐል እያነሱ ጠፉ። ይህ ፈተና ሁሉንም ነገር ይወስናል። ሲረጥብ የሚመለስ ቀለም ካለ ሥራው መፋቅና መወልወል ነው። ረጥቦም ነጭ የሚሆን ቦታ ግን ቀለሙን በእርግጥ ፀሐይ በልቶታል።

ያጠብኩት ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነው፤ አልዘፈዘፍኩትም። የፈላ ውኃ በጭራሽ ሊነካው አይገባም። ዋንጫ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቀንድን ቅርጽ ለማስያዝ የሚያለሰልሱት በሙቀት ስለሆነ ያው ሙቀት የተሠራውን ዋንጫ ያጣምመዋል፤ ከታች የተገጠመውን መቀመጫም ያላቅቀዋል። በረኪና ደግሞ ኬራቲንን ይበላል። ከታጠበ በኋላ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተውኩት። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት የሚታይበት ከሆነ ነፍሳት አሉበት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ዋንጫ በደንብ ከደረቀ በኋላ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ በረዶ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ማቆየት ይረዳል።

ከዚያ መፋቁ መጣ። በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ከሆነው ቁጥር 240 ጀምሬ በ400 እና በ600 አድርጌ እስከ ለስላሳው 1000 ደረስኩ፤ ሁልጊዜም በቀንዱ እድገት አቅጣጫ፣ ከአፉ ወደ ታች። ወረቀቱን በውኃ እያራስኩ ነው የሠራሁት። ይህ ለጥራት ብቻ አይደለም፤ የአባ ሰንጋ በሽታ ጀርም በቀንድና በቆዳ ላይ ለረጅም ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የአሮጌ ቀንድ አቧራ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም አድርጌ ነበር። የተቀረጹትን ጌጦች በወረቀት አልነካኋቸውም። ያንን መስመር ያወጣው ሰው እጅ እዚያ አለ፤ ቢደበዝዝም ይደብዝዝ።

እዚህ ላይ ተስፋ የሚያስቆርጥ ደረጃ አለ። በ600 ተፍቆ ሲደርቅ ዋንጫው ከበፊቱ የባሰ ጉም የለበሰ ይመስላል። መቀጠል ነው። በ1000 ካለፍኩበት በኋላ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ደጋግሜ ስወለውለው ጉሙ ተነሳ፤ ቡናማውም ጥልቀት አገኘ።

ቀጥሎ የቅባት ጉዳይ አለ። አያቶቻችን ዋንጫ ሲደርቅ ቅቤ ይቀቡት ነበር፤ ለእነሱም ይሠራ ነበር። ዋንጫው በየበዓሉ ሲጠጣበትና ሲታጠብ ስለሚኖር ቅቤው አይሰነብትበትም። ግድግዳ ላይ ለሚውል ግን ቅቤ ይከረፋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ነፍሳት ይጠራል። እኔ የመረጥኩት አየር ሲያገኝ የሚደርቀውን የተልባ ዘይት ነው። በውጭው ላይ ብቻ እጅግ አሳስቼ ቀባሁት፣ ትርፉን ጠረግሁት፣ እስኪደርቅ ጠብቄም ደገምኩት። በመጨረሻ ንጹሕ የንብ ሰም አሸሁበትና ወለወልኩት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ፀሐይ በእውነት የበላው ከሆዱ ላይ አንድ ቀጭን ቦታ ቀረ። ለእሱ ብቻ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበትን ቡናማ የአፈር ቀለም በሰም ለውሼ ቀባሁት። ሰም ካልወደዱት ይነሳል፤ ቀንድ ውስጥ የሰረገ ቀለም ግን አይወጣም። ከንፈር የሚነካው ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም።

አሜሪካ የሚኖር ዘመዴ ይህን ሰምቶ ጫካ ውስጥ ያገኘውን የአጋዘን ቀንድ በዚሁ መንገድ ሊሠራ ፈልጎ ነበር። አስቆምኩት። በየዓመቱ የሚረግፈው የእነዚያ አጋዘኖች ቀንድ አጥንት ነው። ሲያድግ የሸፈነው ስስ ቆዳ ሲገፈፍ ነጣ ብሎ ይወጣና ቡናማ የሚሆነው እንስሳው ከዛፍና ከቁጥቋጦ ጋር ሲፋተግ ነው። ስለዚህ መፋቅ ያለውን ቀለም ጭምር ያነሳል። እዚያ የሚሻለው ከውጭ መቀባት ነው፤ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባለው ኬሚካል በውኃ ቀጥኖ ሲቀባ መጀመሪያ ሐምራዊ ሆኖ ይታይና ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ጓንት ግን የግድ ነው። ጫፎቹን በጨርቅ ትንሽ አሸት አድርጎ ማንጣት ደግሞ የተፈጥሮውን መልክ ይሰጠዋል።

የእኔን ዋንጫ አሁን ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሰሙ ሲደበዝዝም አድሰዋለሁ። በዓል ሲመጣ ውስጡ በግራዋ ይታሻል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፣ ጠላ ይቀዳበታል፤ ትኩስ ነገር ግን አይደረግበትም።