ቀዩ ቲዩብ

ለብዙ ዓመታት ሳይሠራ የቆየ የጊታር አምፕሊፋየር እጄ ሲገባ ወዲያውኑ ሶኬት ላይ አልሰካውም። የኃይል ክፍሉ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቁና ስለሚያሾልኩ፣ መጀመሪያ ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ባገናኘሁት ባለ ክር አምፖል በኩል አበራዋለሁ፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነው። ክዳኑን ከከፈትኩ በኋላ ደግሞ ገመዱ ቢነቀልም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ በሬዚስተር በኩል አፍስሼ በቮልት መለኪያ ሳላረጋግጥ እጄን አላስገባም።

በአንድ ወቅት የጠገንኩት አምፕሊፋየር ከሁለቱ የኃይል ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉ፣ አየር የወጣላቸው የመስታወት ቱቦዎች) የአንደኛው ፕሌት፣ ማለትም ከረንቱን የሚቀበለው የውስጥ ብረት፣ በሙቀት እየቀላ አስቸገረኝ። ቲዩቡ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ገዛሁለት፤ እሱም በደቂቃዎች ውስጥ ቀላ። ከመግዛቴ በፊት ሁለቱን ቲዩቦች ቦታ አቀያይሬ ብሞክር ኖሮ ችግሩ ከቲዩቡ ሳይሆን ቲዩቡ ከሚሰካበት ሶኬት ወገን መሆኑን ያለ ወጪ እደርስበት ነበር። በመጨረሻ ስለካ፣ በግሪዱ (የቲዩቡን ከረንት በሚቆጣጠረው ክፍል) ላይ መገኘት የነበረበት 40 ቮልት ገደማ የሆነ ኔጌቲቭ ባያስ (ከረንቱን የሚገታ ቋሚ ቮልቴጅ) ወደ 25 ወርዶ አገኘሁት። ጥፋተኛው ከፊተኛው ደረጃ ድምፁን ብቻ አሳልፎ ቀጥተኛውን ቮልቴጅ ማገድ የነበረበት ትንሽ ካፓሲተር ነበር፤ አሾልኮ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ወደ ግሪዱ ስለሚለቅ ቲዩቡ ከልኩ በላይ ከረንት ይስብ ነበር። ካፓሲተሩን ቀይሬ ባያሱን እንደገና አስተካከልኩ።

በአሠራራቸው ጤነኛ የሆኑትን የቀድሞ ሬዚስተሮች ግን፣ መልካቸው ቢያረጅም፣ አልነካኋቸውም።